መምህሩ ጀርባውን ሲያዞር

(የመግቢያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅት ለመምህራን ነው። በተለይ በአንበሳሜ፣ በሐሙሲት፣ በዓርብ ገበያ፣ ባጠቃላይ ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ዳር ባሉት የደራ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ለምታስተምሩ። ወላጆችም ብትሰሙን አይከፋም፤ እናንተንም የሚነካ ነገር አለው።

የምንነጋገረው ስለ ተማሪዎች ባህርይ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ሲጠጣ፣ ከደመወዝ ጉዳይ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ ይኸው ይመስለኛል። «ሰባተኛ ቢን እንዴት ቻልካቸው?» ይላል አንዱ። «ኧረ ተዋቸው፣ እነሱስ ተማሪም አይደሉ!» ይላል ሌላው። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ስሟ የገነነ አንድ ክፍል አትጠፋም። የሚገርመው ግን ያችው ሰባተኛ ቢ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከአንዱ መምህር ጋር አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ትቆይና፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከሌላው ጋር ትታመሳለች። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ዴስኩም አልተለወጠም። በመካከል የተለወጠው መምህሩ ነው።

«ያኛው አስፈሪ ስለሆነ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አስፈሪ መምህር አለ። ነገር ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ አርጩሜ ሳይዝ ክፍሉን የሚያሠራም አለ። ሁላችንም እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ሰው እናውቃለን። «ተሰጥቶት ነው» ብለን እናልፈዋለን እንጂ ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብለን አላየነውም።

ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ግን ነበር። ጃኮብ ኩኒን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ነገሩ የጀመረው እሱ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲያስተምር ነው። አንድ ተማሪ ጋዜጣ ዘርግቶ ሲያነብ አየና ገሠጸው። የተገሠጸው አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ምንም ያላጠፉት ሌሎቹ ሹክሹክታቸውን አቁመው ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው መለሱ። ኩኒን በዚህ ተገርሞ «የትኛው ዓይነት ተግሣጽ ነው ይበልጥ የሚሠራው?» ሲል ማጥናት ጀመረ፤ በኋላም የመማሪያ ክፍሎችን በቪዲዮ እያስቀረጸ መረመረ። በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የያዘው ውጤት ግን የጠበቀው አልነበረም። ጸጥታ ያለውን ክፍል ከሚታመሰው የለየው፣ መምህሩ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ የሚናገረው ነገር አይደለም። ቁጣውም ምክሩም ማስጠንቀቂያውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ልዩነቱ ከጥፋቱ በፊት ነበር። ጥሩዎቹ መምህራን ክፍሉን ሁሉ እያዩ መሆናቸውን ተማሪዎቹ ያውቃሉ። ለአንዱ ልጅ ሲያስረዱ ሌላውን ጥግ አይረሱም። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገሩም በመካከል ባዶ ጊዜ አይተዉም።

የጉማራን ወንዝ ሙላት የለመደ ገበሬ ቦዩን የሚቀደው ውኃው ማሳው ከገባ በኋላ አይደለም። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምንጠያየቀው «ሲረብሹ ምን ላድርግ?» ብለን ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ወጥቶም ይምጣ ከሌላ ኮሌጅ፣ አዲስ መምህር የዕለት ትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀቱን ያውቅበታል። ሰባ ልጅ ከዕረፍት መልስ በአንዲት በር ሲጋፋ ምን እንደሚሆን ግን ኮሌጅ ውስጥ ባደረገው የማስተማር ልምምድ አላየም። ያኔ ፊቱ የተቀመጡት የራሱ ጓደኞች ነበሩ፤ ጓደኛ ደግሞ ነጥብ እየተያዘበት ላለ ጓደኛው ጨዋ ሆኖ ይቀመጥለታል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከበሩ እንጀምር። የዕረፍቱ ማብቂያ ደወል ተደውሏል። ልጆቹ ላብ እያጠመቃቸው፣ የኳሱን ክርክር እንደያዙ ይገባሉ። መምህሩ ገና ከማረፊያ ክፍሉ እየወጣ ነው፣ ወይም ጠመኔ ፍለጋ ቢሮ ጎራ ብሏል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ክፍሉ ባለቤት የለውም። ዴስክ ይገፋል፣ የአንዱ እስክሪብቶ ይሰወራል፣ ስድብ ይጀመራል። መምህሩ ሲደርስ የሚረከበው ተማሪዎችን ሳይሆን የተጀመረ ጠብ ነው። ከዚያ «ዝም በሉ!» ይላል፤ ሰሌዳውን በማጥፊያ ይደበድባል፤ ከ40 ደቂቃው ላይ ስምንቱ ወይም አሥሩ ሄደ።

ስለዚህ መጀመሪያ በሩ ላይ እንገኝ። ቆሞ መቀበል ብቻ ነው፤ «እንደምን አላችሁ፣ ግቡ» ማለት። የተቆጣውን ልጅ ፊቱን አይቶ እዚያው በር ላይ «ምን ሆንክ?» ማለት ይቻላል፤ ዴስኩ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ነገሩ የሁሉም ይሆናል። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ ሥራ ይጠብቃቸው። ከትናንቱ ትምህርት ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ሁልጊዜ በሰሌዳው አንድ ጥግ፣ በዚያው ቦታ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ገብታችሁ ጥጉን ተመልከቱ» እያሉ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። ዕረፍት ላይ አንድ ልጅ ልካችሁ ማስጻፍም ትችላላችሁ።

ስም ጥሪውስ? ሰባ ስም ጮክ ብሎ መጥራት፣ «አቤት!» ማሰኘት፣ ስለቀረው ልጅ «ታሟል»፣ «ገበያ ሄዷል»፣ «ኧረ አሁን አይቼዋለሁ» የሚለውን ክርክር መስማት ለረብሻ የተመቸ ጊዜ ነው። የአቀማመጥ ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ ብትሠሩና እያንዳንዱ ልጅ ቦታውን ቢያውቅ፣ ጥያቄዎቹን ሲሠሩ በመካከላቸው እየተዘዋወራችሁ ባዶውን ቦታ ብቻ ምልክት ታደርጋላችሁ። ሥዕሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ የልጆቹን ስም በአንድ ወር ውስጥ ያስጠናችኋል። «አንተ! አንተ ቀይ ሹራብ!» ተብሎ የሚጠራ ልጅና በስሙ የሚጠራ ልጅ እኩል አይታዘዙም።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር የሞኒተሩን ወረቀት እናንሳ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «የሚረብሹ ተማሪዎች» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ ስም፣ ከስሙ ፊት የኤክስ ምልክት፣ ለባሰበት ደግሞ ሁለት ሦስት ኤክስ። መምህሩ እስኪመጣ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል ተብሎ ነው። እኔ ይህን ወረቀት አልወደውም፤ ደግሜ እላለሁ፣ አልወደውም። ሞኒተሩ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። የሚወደውን አይጽፍም፤ የተጣላውን ይጽፋል። ስሙን ለማስፋቅ ቆሎ የሚሰጥ አለ፣ «ውጪ እንገናኛለን» የሚል አለ። መምህሩ ያላየውን ጥፋት በልጅ ምስክርነት ይቀጣል፤ የተቀጣውም ቂሙን ይይዛል። በዕረፍት ሰዓት ከግቢ ውጪ የሚነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ ሥሩ ያች ወረቀት ናት። ሞኒተሩን ለሌላ ሥራ አውሉት፤ መጻሕፍት ያድል፣ ደብተር ይሰብስብ፣ የጥጉን ጥያቄ ይጻፍ። የጸጥታው ኃላፊነት ግን የመምህሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ብዙ ረብሻ የሚነሳበትን ቅጽበት ልንገራችሁ፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲጽፍ ነው። መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ክፍል መምህሩ ማስታወሻውን በሙሉ በጠመኔ መጻፍ ግዴታው ይሆናል። አሥራ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። ፈጣኑ ልጅ አብሮት ይጨርስና ሥራ ይፈታል። ዘገምተኛው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ ስለማይደርስበት ይተወዋል። ከኋላ ያለው አይታየውም። ሦስቱም በየምክንያታቸው ማውራት ይጀምራሉ። መምህሩ ዞር ሲል ሁሉም ጨዋ ነው፤ ያወራው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ይጠረጥራል፤ ያልሠራበት ልጅ «እኔ አይደለሁም!» ይላል፤ ክፍለ ጊዜው ወደ ችሎት ይለወጣል። ኩኒን ቪዲዮው ላይ ያስተዋለው አንዱ ስህተት ይህ ነው፤ ያላጠፋውን መቅጣት፣ ወይም ጥፋቱ ከተዛመተ በኋላ መጨረሻ ላይ ያለውን መያዝ። ተማሪዎች ከዚህ የሚማሩት «መምህሩ አያየንም» የሚለውን ነው።

ምን ይደረግ? ማስታወሻውን መቆራረጥ። አራት መስመር ጽፎ ዞር ማለት፣ ማስረዳት፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ እንደገና አራት መስመር። ሲጽፉም ፊትን ለክፍሉ፣ ጎንን ለሰሌዳው ሰጥቶ መቆም ይለመዳል። ጽሑፉ ያማረ ልጅ ካለ እሱ ይጻፍ፤ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ከኋላ የቆመ መምህር ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ያያል፤ ልጆቹ ግን የት እንደቆመ አያዩትም። ለኋለኛው ጥግ ዴስኮቹን አጠጋግቶ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ መክፈት የግድ ነው። መመዘኛው በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ የእናንተ ክፍል ከዚያ በላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም መምህሩ የማይደርስበት ዴስክ ሊኖር አይገባም። መምህሩ እዚያ እንደማይደርስ ስለሚያውቁ ነው ልጆቹ የኋላውን ግድግዳ የሚሻሙት።

ከዚህ ጋር የጥያቄ አጠያየቃችን ይመጣል። «ገብቷችኋል?» ስንል «አዎ!» ብሎ ክፍሉ ያስተጋባል። ያልገባውም «አዎ» ብሏል። ወይም ጥያቄ ስንወረውር ፊት የተቀመጡት አራት አምስት ልጆች ጣታቸውን እያጮሁ «እኔ ቲቸር! እኔ ቲቸር!» ብለው ይነሣሉ፤ አንዱን እንጠራለን፤ የቀሩት ስልሳዎቹ ነገሩ እንደማይመለከታቸው ያውቃሉ። ሜሪ ባድ ሮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የሳይንስ ክፍለ ጊዜዎችን በቴፕ እየቀዳች ስታዳምጥ፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ስታደርግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ተሳትፈው የማያውቁት መናገር ጀመሩ። ለዛሬ ጉዳያችን የሚጠቅመው ደግሞ መምህሩ ለሥነ ሥርዓት ብሎ ጣልቃ የሚገባበት ጊዜ መቀነሱ ነው። ጠይቁ፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ስም ጥሩ። ስሙ ከጥያቄው በፊት ከተጠራ ሌላው ሁሉ ዕረፍት ወጣ ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ክፍል ሕግ ብዙ አልልም። ልጆቹን አሳትፎ ሦስት ወይም አራት አጭር ሕግ ማውጣት ጥሩ ነው፤ በካርቶን ጽፎ መለጠፍም ያምራል። ግን ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሕግ ማውጣት ብቻውን የልጆቹን ባህርይ እምብዛም አልለወጠውም። የለወጠው መምህሩ ትንንሹን ረብሻ ንቆ እያለፈ፣ ተገቢውን ሥራ የሚሠራውን ልጅ በዚያው ቅጽበት ሲያመሰግን ነው።

ምስጋና ሲባል ደግሞ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት!» ማለት ብቻ አይደለም። ያ ጭብጨባ ከመለመዱ የተነሣ ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ሆነው ያጨበጭቡታል። ምን እንዳደረገ ተናገሩለት፤ «ጓደኛህ ሲናገር አላቋረጥከውም፣ ጥሩ ነው።» ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ በተለይ ሴቶቹ ልጆች በሰው ፊት መመስገናቸው ያሳፍራቸዋል፤ ለእነሱ ደብተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ ወይም ሲያልፉ ዝቅ ባለ ድምፅ መንገር ይሻላል።

ዱላውን እስካሁን አላነሣነውም። እናንሳው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲደነግግ፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ከዚያም አስቀድሞ በ1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀብላለች። ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚለው ካለቀ ቆይቷል። ያላለቀው የእጃችን ልማድ ነው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት የማይጠቅስ መምህር የለም። ተረቱን አልሟገትም፤ ልጅ ገደብ ይፈልጋል። አርጩሜ ግን ገደብ አይሆንም። ልጁን ለአሥር ደቂቃ ዝም ያሰኘዋል፤ ቀጥሎ ዱላ ለማይዘው መምህር አይታዘዝም። እንዲህ እያደረግን ሰባተኛ ቢን ለባልደረባችን አስቸጋሪ የምናደርጋት እኛው ነን።

ዱላ የተወ መምህር ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ማንበርከክ ነው፤ ወይም «ወላጅ አምጣ» ወደሚለው። ማንበርከኩ ልጁን ከትምህርቱ ያወጣዋል፣ ያዋርደዋልም፤ ስለዚህ ከዱላው ብዙም የራቀ አይደለም። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ግን ረጋ ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ወላጅ መጥራት በራሱ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ልጁ ከአንበሳሜ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ የሚመጣ ከሆነ፣ ወቅቱም ኅዳር ሆኖ አባቱ አጨዳ ላይ ከሆነ፣ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልጁ ዛሬ ከክፍል ወጣ። ነገ አባቱን ፈርቶ አልተናገረም፤ ትምህርት ቤት የሄደ መስሎ ወንዝ ዳር ዋለ። ከነገ ወዲያ አጎቱን «አባቴ ነው» ብሎ ሊያመጣ ሞከረ። በሳምንቱ አባትየው ሰማና «እንግዲያስ ከብቶቹን ጠብቅ» አለው። ለአንድ ወረቀት ውርወራ የተሰጠው ቅጣት ልጁን ከትምህርት ገበታ አስወጣው ማለት ነው። ወላጅ ከተፈለገ መልእክቱ በስልክ፣ ካልሆነም በዚያው ቀበሌ በሚኖር የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ይሂድ። ልጁ ግን እስከዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

ለረብሻ ቅጣት ብለን ከተከታታይ ምዘና ላይ ነጥብ የምንቀንስም አለን። ያን ያደረግን ጊዜ የሒሳብ ውጤቱ የሒሳብ ችሎታውን መናገሩን ያቆማል።

ታዲያ በምን እንተካው? ያበላሸውን እንዲያስተካክል ማድረግ። ዴስኩን የሞነጫጨረ ያጥባል። በረብሻው ያልጻፈውን በዕረፍቱ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃዎች ይጽፋል፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ልጅ ሽንት ቤት መሄድም ውኃ መጠጣትም አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ለብቻ ማነጋገር። በጓደኞቹ ፊት የተገሠጸ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ክብሩን ለማስመለስ መልስ መስጠት አለበት፤ ለብቻው ሲሆን ግን ተመልካች ስለሌለው ይናገራል። እንዲህ ያለ ንግግር ረጅም መሆን አያስፈልገውም፦

«ዛሬ ሦስት ጊዜ ከዴስክህ ተነሣህ። ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም፣ ቲቸር።»

«አልተቆጣሁህም። ሰሌዳው ይታይሃል?»

«...ትንሽ ያስቸግረኛል፣ ቲቸር። ከፊት ካሉት ደብተር ልገለብጥ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጣለህ። ከመነሣትህ በፊት ግን እጅህን አውጣ፤ እሺ?»

«እሺ፣ ቲቸር።»

ትራኮማ እንደ እኛ ክልል በብዛት በሚታይበት አገር ይህ የታሰበ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ ቀበሌዎች ወባ አለ፤ አንገቱን ዴስክ ላይ የደፋ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ቁርስ ያልበላም አለ። እነዚህን ሁሉ መምህሩ ሊፈታቸው አይችልም። ማወቁ ግን ቁጣውን ያበርድለታል፤ ወደ ማን መላክ እንዳለበትም ይነግረዋል።

ወላጆች፣ እናንተንም የሚነካ ነገር አለ ብዬ ነበር። ብዙ አባት ትምህርት ቤት ሲመጣ «መምህር፣ ይኸ ልጅ አስቸግሮኛል፤ ይግረፉልኝ፤ አደራ!» ብሎ ይሄዳል። መምህሩ እንዲህ ቢመልስ ደስ ይለኛል፦ «ጋሼ፣ ዱላውን እንተወው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ይሠራል? ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል? ገበያ በሚውልበት ቀን ግማሽ ቀን ብቻ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል?» አባትም ለዚህ መልስ ቢኖራቸው ከግርፋቱ ይልቅ ይረዳናል።

(አጭር ሙዚቃ)

በአካባቢያችን ልዩ ትኩረት የሚሹ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ዝናብ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ክፍሉ በዕልልታ ይቀበለዋል። ከዝናብ ጋር በጩኸት መወዳደር ጉሮሮን ማቁሰል ነው። «የዝናብ ሥራ» የሚባል ነገር አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ዝም ብለው የሚሠሩት፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ወይም ከመጽሐፉ የሚሠራ። እጃችሁን ስታነሡ ሥራው ይጀመራል፤ ልጆቹ ምልክቱን ደረቅ በሆነ ቀን ይለማመዱት።

ሁለተኛው ዓርብ ከሰዓት ነው። አንበሳሜ ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች የሳምንቱን ስንቅ የሚያመጡት ከቤተሰብ ነው፤ ዓርብ ከምሳ በኋላ ልባቸው መንገድ ላይ ነው፤ ሳይመሽ መድረስ አለባቸው። በዚህ ሰዓት አዲስ ርዕስ ከፍቶ ረጅም ማስታወሻ የሚጽፍ መምህር ረብሻ ይጠራል። የሳምንቱን ክለሳ በጥያቄና መልስ ውድድር አድርጉት፤ በረድፍ ከፋፍላችሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሞከረ አንድ ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ክፍሉ በሁለት ቡድን ይከፈልና ሕግ ሲጣስ በቡድኑ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ምልክቱ ያነሰበት ቡድን ትንሽ ሽልማት ያገኛል። ለእኛ ሽልማቱ ቀድሞ መውጣት ቢሆን ለስንቅ ተጓዦቹ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ አንዱ ልጅ ሆን ብሎ ቡድኑን የሚያስቀጣ ከሆነ ብቻውን ቡድን ይሁን፤ አለበለዚያ ጓደኞቹ ውጪ ይጠብቁታል።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ተዘግቶ የቆየ ትምህርት ቤት ሲከፈት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ አቆየ። እየተመለሱ ያሉት ልጆች ሲሄዱ የነበሩት ልጆች አይደሉም። ከትንንሾቹ ጋር አምስተኛ ክፍል የተቀመጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አለ። እስክሪብቶ መያዝ የረሳ አለ። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ዴስክ ሥር የሚገባም አለ። ጠረጴዛ በዱላ የመምታት ልማድ ያለን መምህራን ለዚህ ልጅ ስንል ብቻ እንኳ ልንተወው ይገባል። ለእነዚህ ክፍሎች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይዘት ለመሸፈን ከመሮጥ ይልቅ አገባብን፣ አወጣጥን፣ እጅ ማውጣትን፣ ደብተር አያያዝን ማስተማር ይበጃል። ሱፐርቫይዘሩ «ወደ ኋላ ቀርተሃል» ቢላችሁ ምክንያቱን አስረዱት።

ያ ጎረምሳ ደግሞ ኃላፊነት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት የምንወስደው አለ። በየኔታ ጉባኤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አይማርም፤ ፊደል የሚቆጥረው ይቆጥራል፣ ዳዊት የሚደግመው ይደግማል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። ሥራ ፈትቶ የሚጠብቅ ልጅ የለም። የየኔታ አለንጋም ነበረ፤ እሱን እዚያው እንተወውና የማስጠናቱን ልማድ እንውሰድ። «አንድ ለአምስት» ተብሎ የመጣው አደረጃጀት ከዚህ ልማድ ጋር ሊዛመድ ይችል ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን የሪፖርት ቅጽ ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ገለበጡ። ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ዴስክ ቢጣመሩ ይሻላል። ጎረምሳው በቁመቱ ስለሚያፍር የሚያስቸግር ከሆነ፣ በሚችለው ነገር ታናሹን ያስጠና፤ በእርሻ ሂሳብ የሚያህለው የለም፣ ስለ መሬት ስፋትና ስለ ኩንታል ዋጋ ጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ ሰኞ ጠዋት የቱን እንጀምር? አንዱን ብቻ። ለምሳሌ ሰሌዳ ላይ አራት አራት መስመር እየጻፉ መዞሩን። የምታምኑትን ባልደረባ በትርፍ ክፍለ ጊዜው ከኋላ እንዲቀመጥላችሁ ለምኑት። እናንተን አይገምግም፤ ረብሻ ሲነሳ መምህሩ በዚያ ቅጽበት ምን ሲያደርግ እንደነበር ብቻ ይጻፍ፤ «እየጻፈ ነበር»፣ «ጠመኔ እየፈለገ ነበር»፣ «ለአንድ ልጅ እያስረዳ ነበር» እያለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቀመጥ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ በልዋጩም እናንተ በእሱ ክፍል ተቀመጡለት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ተማሪ በበዛበት ክፍል የቤት ሥራ እንዴት ሊታረም እንደሚችል እንነጋገራለን። እስከዚያው በክፍላችሁ የሞከራችሁትን ጻፉልን፤ ያልሠራላችሁንም ጭምር።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)